ሜዳሊያው ይቅር፣ ኢንሱሊኑ ይያዝ፦ ሰደድ እሳት ሲመጣ ከስብስባችሁ ምን ይውጣ?

[ምስል፦ በጭስ የተሸፈነ ኮረብታ፣ ከታች በመኪና የተጨናነቀ መንገድ]

ጃንዋሪ 7 ቀን 2025፣ ሎስ አንጀለስ። አሜሪካዊው ዋናተኛ ጋሪ ሆል ጁኒየር ፓሲፊክ ፓሊሴድስ ከሚገኘው ቤቱ ሲወጣ ውሻውንና ኢንሱሊኑን ይዟል፤ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ከአትላንታ፣ ከሲድኒና ከአቴንስ ያመጣቸው 10 የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎች ግን እዚያው ቀሩ። አምስቱ ወርቅ ነበሩ።

ወሬውን ስሰማ መጀመሪያ ያልኩት «ሜዳሊያውን ትቶ?» ነው። ቆይቼ ሳስበው ሰውየው ልክ ነበር። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ምትክ 10 ሜዳሊያ አሠርቶ ሰጠው። ለዚያች ሌሊት ኢንሱሊን ግን ከየት ይመጣለታል?

ይህ ቪዲዮ ቴምብር፣ ሳንቲም፣ የሙዚቃ ሸክላ፣ የስፖርተኞች ካርድ ለምትሰበስቡ፣ በተለይም እሳት በማያጣው በካሊፎርኒያ ለምትኖሩ ነው። በዚያ ወር በሎስ አንጀለስ አካባቢ ፓሊሴድስንና አልታዴናን የበሉት እሳቶች ከ16,000 በላይ ሕንፃ አውድመዋል።

[ምስል፦ በስልክ ላይ የደረሰ የማስጠንቀቂያ መልእክት]

በመጀመሪያ ስለ ሰዓቱ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለት መልእክት አለ፤ «ለመውጣት ተዘጋጁ» የሚል ማስጠንቀቂያና «አሁኑኑ ውጡ» የሚል ትእዛዝ። ዕቃ የሚጫነው ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ነው። ትእዛዙ ሲመጣ ሰው፣ መድኃኒት፣ እንስሳ፣ ሰነድ፤ ከዚያ መኪና ማስነሣት። ደግሞም ትእዛዙ ሊዘገይ ይችላል። የአልታዴናው እሳት የተነሣው ማምሻውን ነው፤ የምዕራቡ ሰፈር ነዋሪዎች «ውጡ» የተባሉት ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ። በዚያ እሳት ከሞቱት ከሞላ ጎደል ሁሉም የዚያ ሰፈር ሰዎች ናቸው። ነበልባሉ ከታያችሁ የስልኩን ጩኸት አትጠብቁ።

አሁን ወደ መደርደሪያው እንሂድ።

[ምስል፦ ጠገራ ብር፣ ሸክላ፣ ካሴትና አሮጌ ፖስታ በጠረጴዛ ላይ]

የደነገጠ ሰብሳቢ እጁ የሚሮጠው ዋጋው ወደሚበልጠው ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ፤ ይህ ዕቃ ቢቃጠል ገንዘብ ይዤ ብወጣ ሌላውን አገኘዋለሁ?

ለምሳሌ ጠገራ ብርን እንይ። ላዩ ላይ 1780 ቢልም ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን እየታተመ የኖረ ነው፤ ገበያ ላይ ሞልቷል። የሚቀልጠው በጣም ከፍተኛ ሙቀት ላይ ስለሆነ፣ ቢጠቁርም ከአመድ ውስጥ ሊለቀም ይችላል። ሸክላ ግን ውሃ ከሚፈላበት በታች ባለ ሙቀት ይጣመማል። ታዲያ ሸክላው ይቅደም? አልልም። የሙዚቃ አሳታሚውን የአምሃ እሸቴን ሸክላዎች የሰበሰበ ሰው ይቆጣኛል እንጂ፣ ብዙዎቹ ዘፈኖች ኋላ በሲዲ ወጥተዋል፤ ዲስኩ ቢጠፋ ዘፈኑ አለ። ላይ ላዩን ስታዩት የማይረባው፣ አያታችሁ ከአገር ቤት ድምፃቸውን ቀርጸው የላኩት ካሴት ግን በዓለም ላይ አንድ ነው። እሱ መጀመሪያ ይወጣል። ከዚያም በላይ፣ ዛሬ ማታ ወደ ስልክ ይገልበጥ።

ቴምብርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የወጡት የምኒልክ ቴምብሮች የፖስታ ማኅተም ያላረፈባቸው ከነጋዴ ይገዛሉ። ማኅተም አርፎበት፣ አድራሻ ተጽፎበት፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ፖስታ ግን ሁለተኛ የለውም። ለእኔ አንዱ ፖስታ ከሙሉው አልበም ይቀድማል። እያንዳንዱ ዕቃ ከማን፣ መቼ፣ በስንት እንደተገዛ የጻፋችሁበት ደብተር ካለም እሱን አትተዉ።

ክብደቱንም ቀድማችሁ ሞክሩት። 100 ትልልቅ ሸክላ ከ20 ኪሎ በላይ ነው፤ በጨለማ፣ በጭስ፣ ልጅ ይዛችሁ ደረጃ አትወርዱበትም። የሚወጣው ነገር በአንድ እጅ በሚነሣ ሳጥን ይግባ፤ በር አጠገብ ይቀመጥ። ሳጥኑ ሲሞላ አዲስ ነገር የሚገባው አንድ ነገር ሲወጣ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ከባልና ሚስት ጭቅጭቅ አይጠፋም፤ ጭቅጭቁ ግን ዛሬ ይሻላል።

የቀረው በቪዲዮ ይቀረጽ። መሳቢያውን ክፈቱ፣ አልበሙን ገልጡ፣ ዋጋውን በቃል ተናገሩ፤ ቅጂው ከቤት ውጭ፣ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥ። ውላችሁንም አንብቡ። በብዙ የአሜሪካ የቤት ኢንሹራንስ ውሎች ለሳንቲምና ለሜዳሊያ የሚከፈለው ከ200 ዶላር አያልፍም፤ ስብስቡ ለብቻው ካልተመዘገበ በቀር።

[ምስል፦ የጠቆረ ካዝና በፍርስራሽ መሐል]

«እኔ እሳት የሚችል ካዝና አለኝ» የምትሉ፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን እዩት። የተለመደው ዓይነት የተሠራው ለወረቀት ነው፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ውስጡን ከ177 ዲግሪ በታች ይይዛል። ወረቀት ይህን ይችላል፤ ካሴት፣ ፊልምና ሸክላ ግን አይችሉም። የግድግዳው መከላከያ ሲግል እንፋሎት ስለሚለቅ ሙጫ ያለው ቴምብር እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ካዝናው ከአመዱ ውስጥ ቢገኝ በዚያው ቀን አትክፈቱት። ውስጡ ገና እንደጋለ አየር ከገባበት፣ እስከዚያ የተረፈው ወረቀት ዓይናችሁ እያየ ሊነድ ይችላል። ለጥቂት ቀናት ተዘግቶ ይቀዝቅዝ።