«ይቀመጡ» ማለት ይብቃን

(የዓለም የአረጋውያን ቀንን ምክንያት በማድረግ፣ አራት ኪሎ ለተሰበሰቡ ጡረተኞችና ቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ እነሱን ደግፋችሁ ያመጣችሁ ልጆችና የልጅ ልጆች፤ እንኳን በደህና መጣችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ጎልፍ በእርጅና ዘመን ለጤና የሚሰጠው ጥቅም» ይላል። ወደ እሱ እመጣለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ አንዲት ቃል መናገር አለብኝ። ቃሏ «ይቀመጡ» ናት። ዛሬ ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ ስንት ሰው «ይቀመጡ» አላችሁ?

አባት ሲመጣ ከወንበር እንነሳለን፤ ደግ ነው። እናት ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን እንቀበላለን፤ ይህም ደግ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ማቆሚያውን አጣነው። ውሃ ሊቀዱ ብድግ ሲሉ «እኔ አመጣለሁ፣ ይቀመጡ»። ደጅ ሊወጡ ከዘራቸውን ሲያነሱ «ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ይቀመጡ»። እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ እስከ መስጊድ በእግራቸው ሊሄዱ ሲሉ «ታክሲ እጠራለሁ፣ ይቀመጡ»። በ60 ዓመቱ ጡረታ የወጣ ሰው በ65 ዓመቱ ከሶፋ ለመነሳት ሁለት እጁን የሚደገፈው ዕድሜ ብቻ ተጭኖት አይደለም። እኛ አስቀምጠነው ነው!

ይህን ስል ስሜት ይዞኝ ብቻ አይደለም፤ ተለክቷል። ጤነኛ አረጋውያንን ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ ያስተኙ ተመራማሪዎች፣ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሥጋ ጠፍቶ አገኙ። 10 ቀን ነው! እኛ በፍቅር ስም ዓመታት እናስቀምጣለን።

አሁን ወደ ጎልፉ። የባዕድ ጨዋታ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ቆልማማ ዱላ ይዞ እሩር ሲያሳድድ የገናን በዓል የሚውል ሕዝብ ግን ለዱላና ለኳስ እንግዳ አይደለም፤ ጃንሜዳም ከዚህ ሩቅ አይደለም። የገና ጨዋታ ሩጫና ግፊያ አለበት። በጎልፍ ማንም አይገፋችሁም፣ ኳሷም እስክትደርሱባት ቆማ ትጠብቃችኋለች። ለ70 ዓመት ሰው የተመቸው ለዚህ ነው።

ጥቅሙ ከምን ይመጣል? ዋናው ከእግር ነው። ጎልፍ ኳሷን በዱላ እየመቱ ሜዳው ላይ ተራርቀው ወዳሉ ጉድጓዶች በተራ ማስገባት ነው፤ ሙሉውን 18 ጉድጓድ በእግሩ የተጫወተ ሰው ከ10,000 እርምጃ በላይ ይራመዳል። በሞተር ጋሪ የሚዞር ሰው ከዚህ ጥቅም ጥቂት የማይባለውን ጋሪው ላይ ጥሎት ይመጣል። በስዊድን 300,000 ያህል ጎልፍ ተጫዋቾችን ያካተተና በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የተጫዋቾቹ የሞት መጠን ዕድሜያቸውና ፆታቸው ከሚመሳሰል ሌሎች ሰዎች በ40 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። «ሀብታሞች ስለሆኑ ነው» እንዳትሉ፣ ልዩነቱ በጉልበት ሥራ በሚተዳደሩትም ላይ ታይቷል። እርግጥ ቀድሞውንም ጤነኛ የሆነ ሰው ነው ሜዳ የሚወጣው፤ ሁሉንም ለጎልፍ አንሰጥም። በፊንላንድ ደግሞ 65 ዓመት የሞላቸውን 25 ሰዎች አንድ ቀን 18 ጉድጓድ አጫወቷቸው፣ ሌላ ቀን 6 ኪሎ ሜትር አስኬዷቸው። ጎልፉ ቀስ ያለ ቢሆንም ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ የደም ስኳርንና ቅባትን በማስተካከል በልጦ ተገኘ። ቀስ ብሎ ረጅም መሄድ እንዲህ ይሠራል። በሆንግ ኮንግም ጎልፍ የሚጫወቱ አዛውንቶች ሚዛን የመጠበቅ ችሎታቸው ከወጣቶች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተለክቷል። ሚዛን ማለት አለመውደቅ ነው፤ አለመውደቅ ደግሞ የዳሌ አጥንት አለመሰበር ነው።

ዳሌ ካልን፣ ቶም ዋትሰን የሚባል አሜሪካዊ ተጫዋች አለ። ዘ ኦፕን የተባለውን ታላቅ ውድድር ከ1975 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ 5 ጊዜ አሸንፏል። ከዚያ አረጀ፣ ዳሌው ተበላ። በኦክቶበር 2008 ግራ ዳሌው ወጥቶ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ገባለት። እስቲ በእኛ ቤት ቢሆን አስቡት! አልጋው ሳሎን ይወርዳል፣ ጠያቂ ይጎርፋል፣ ሁሉም «እንዳይንቀሳቀሱ» ይላል። ዋትሰን ግን 10 ወር ሳይሞላው፣ በጁላይ 2009፣ ስኮትላንድ ተርንበሪ ላይ ተሰለፈ። ዕድሜው 59 ነው። አራት ቀን፣ 72 ጉድጓድ፣ በባሕር ነፋስ፣ በእግሩ። የልጆቹ እኩዮች ከኋላው ቀርተው መጨረሻው ጉድጓድ ላይ እየመራ ደረሰ። ሁለተኛ ምቱ ጉድጓዱ ያለበትን አጭር ሣር አልፎ ወጣበት፤ ለማሸነፍ የቀረችው 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነበረች፣ እሷም አልገባችም። እኩል ስለወጡ በተጨመረው 4 ጉድጓድ የ36 ዓመቱ ስቱዋርት ሲንክ ዋንጫውን ወሰደ። ሰው የሚያወራው ስለመሸነፉ ነው። እኔ የማወራው ስለ ዳሌው ነው። ዳሌ የተቀየረለት ሰው በአብዛኛው በቀዶ ሕክምናው ማግሥት ቆሞ እንዲራመድ ይደረጋል፤ ሐኪሙ ከፈቀደለትም በወራት ውስጥ ጎልፍ ይመለሳል። አንድ ሰው ዳሌው ተቀይሮለት ዓለምን ከመራ፣ የእናንተ አባት እስከ ሱቅ ዳቦ ሊገዛ ለምን አይሄድም?

እንዴት ይጀመራል? በዱላ ብዛት አይደለም። ሕጉ 14 ዱላ ይፈቅዳል፤ ለጀማሪ 7 ይበቃል፣ ቦርሳውም ይቀላል። ቦርሳውን በባለ ጎማ መያዣ ከፊታችሁ ግፉት፤ ወደ ኋላ የሚጎተት ትከሻንና ወገብን ያጣምማል። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ፓተር በምትባለው ማንከባለያ ዱላ ብቻ፣ በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት 3 ቀን ተለማመዱ። ለዚህ ሜዳ አያስፈልግም። ምንጣፍ ላይ የውሃ ብርጭቆ አጋድማችሁ ከ2 ሜትር አንከባሉ። የእውነተኛው ጉድጓድ ስፋት 10.8 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ብርጭቆው ስለሚጠብ እሱን የለመደ ሜዳ ላይ አይቸገርም። በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት ከ20 ሜትር የማያልፍ አጭር ምት፣ በቀን 30 ኳስ፣ አንድም ሳይጨመር። ከዚያ አንድ ወር 3 ጉድጓድ፣ ቀጥሎ 6፣ ቀጥሎ 9። 9 ጉድጓድ 2 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በሳምንት 2 ቀን ከሆነ 240 ደቂቃ። ግማሹ ቆሞ መጠበቅ ነው ብንል እንኳ 120 ደቂቃ እርምጃ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 150 ይላል፤ የቀረችው 30 ገበያ በመሄድ ትሞላለች።

ብዙ ሰው የሚጎዳው በመጀመሪያው ቀን ነው። ረጅሙን ዱላ ይዞ 100 ኳስ ይመታል፣ በማግሥቱ የክርኑ ውስጠኛ ጎን ያብጣል፣ ወገቡ ይያዛል፣ ልጆቹም «አላልንዎትም?» ብለው መልሰው ያስቀምጡታል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ዳሌ ሳይዞር ትከሻ ብቻ ሲዞር ጠመዝማዛው ሁሉ ወገብ ላይ ያርፋል። ቀኝ እጅ የምትጠቀሙ፣ የግራ እግራችሁን ጣቶች ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ውጭ ክፈቱ። ዱላውን ወደ ኋላ ስትወስዱ የግራ ተረከዛችሁ ይነሳ፣ ዳሌው አብሮ ይዙር። ምቱን ግማሽ አድርጉት። ጣቶቻችሁን ቁርጥማት የያዛቸው እጀታውን ወፈር ባለ ጎማ አስለብሱ፤ ዱላ አንቆ የሚይዝ ሰው ክርኑን ያሳምማል። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷ ከቆላው ይልቅ እዚህ ራቅ ብላ ትሄዳለች። ጉልበት አትጨምሩ።

ያው ስስ አየር ዳገት ላይ ይፈትናል። እየሄዳችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ከቻላችሁ ልካችሁ ነው፤ ሁለት ቃል ላይ ትንፋሽ ካጠራችሁ ቁሙ። ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ግራ እጅ የሚሄድ ሕመም ከመጣ ጨዋታው እዚያው ያበቃል፣ ቀጥታ ወደ ሐኪም። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ኳስ ለማንሳት ጎንበስ ብላችሁ ስትቃኑ ሊያዞራችሁ ይችላል። በፓተሯ እጀታ ጫፍ ላይ የምትገጠም ኳስ መሳቢያ ጎማ አለች፤ እሷን ተጠቀሙ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ከመውጣታችሁ በፊት ስኳራችሁን ለኩ፤ ከ100 በታች ከሆነ ቀመስ አድርጉ፣ ኪሳችሁም ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ አይጥፋ። ማታ ጫማችሁን አውልቃችሁ የእግራችሁን ጣቶች አንድ በአንድ እዩ።

ሰፊ ኮፍያ፣ ውሃ፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት። በክረምት ነጎድጓድ ከተሰማ ዱላውን ጥላችሁ ቤት ግቡ፣ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

የቀረኝ ስለ ሜዳው ነው። በከተማችን ያሉት የጎልፍ ሜዳዎች ጥቂት ናቸው፤ በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ እንዳለው ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ ከአጥር ጀርባ ናቸው። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ተመስገን። በየፓርኩ ለልጆች ዥዋዥዌ ተተክሏል፣ ለወጣቱ ኳስ ሜዳ ተሠርቷል። ለአረጋዊው ምን ተተከለለት? አግዳሚ ወንበር! እንደገና «ይቀመጡ»! 10 ሜትር በ20 ሜትር አጭር ሣርና 6 ጉድጓድ በየፓርኩ ጥግ ይሠራልን። የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ስማችሁን የምትጽፉበት ወረቀት በሩ አጠገብ አለ።

አሁን ምንጣፉ ከኋላ ተነጥፏል፣ 8 ፓተርና 8 ብርጭቆ ተዘጋጅቷል። ልጆች፣ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው አስጠጉልን። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ይነሱ።