«በሙሉ ድምፅ» ብዬ የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ለዛሬ ቃል የገባሁላችሁ የዘጌን ቡና ነበር፤ ማስታወሻዬንም ጨርሼ ነበር። ሆኖም ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሆዴ ውስጥ የሚብሰለሰል አንድ ዐረፍተ ነገር ስላለ፣ እሱን ሳላወጣ ስለ ቡና ማውራት አልቻልኩም። ዐረፍተ ነገሩ የራሴ ነው፤ በገዛ እጄ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፍኩት ነው። «ተሰብሳቢው ሰፊ ውይይት ካደረገ በኋላ በቀረበው ሐሳብ ላይ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ይላል።

እቴቴን፣ ዓባይ ማዶ በእናቴ ሀገር የምትኖረውን ዘመዴን፣ ታውቋታላችሁ፤ ጃንጥላዋንም፣ ስልክ ስታነሣ የምትለውንም ታውቃላችሁ። ያን ቅዳሜ ዓባይን ተሻግሬ የሄድኩት የደም ግፊት መድኃኒቷን ላደርስላት እንጂ ለስብሰባ አልነበረም። ስደርስ ግን ቤቷ ተዘግቷል፤ መንደሩ በሙሉ ከሾላው ሥር ተቀምጧል። ቀበሌዋ ወደ ባሕር ዳር ከተማ ልትካለል ስለሆነ ነዋሪው እንዲወያይ ተጠርቶ ነበር። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ልጅ ለቅሶ ሄዶ ስለነበር ሰብሳቢው ዙሪያውን ሲያማትሩ እኔን አዩኝና «የእኛው ልጅ አለች፣ ጽሑፏም ያምራል» ብለው ወረቀቱን ሰጡኝ። ደስ አለኝ። ይህን አልደብቃችሁም፤ በእናቴ ሀገር ሰው ፊት ለአንድ ቁም ነገር መፈለጌ በጣም ደስ አለኝ።

ከከተማው የመጡት ባለሙያ ስለ መዋቅራዊ ፕላን፣ ስለ መንገድ ስፋት፣ ስለ ውሃና ስለ መብራት ለአንድ ሰዓት ያህል በትዕግሥት አስረዱ። ከዚያ «ጥያቄ ያለው» ተባለ። ሁለት ጎልማሶች መብራቱ መቼ እንደሚገባ ጠየቁ። ቀጥላ እቴቴ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከጉያዋ የተጠቀለለ ፌስታል አወጣች፤ ከፌስታሉ ውስጥ ደግሞ የመሬት ይዞታ ደብተሯን።

ስለዚያ ደብተር ትንሽ ልበል። በእኛ ክልል ለአርሶ አደሩ የተሰጠው ደብተር የባልና የሚስትን ስም ከነፎቶግራፋቸው ይይዛል። እቴቴና ነፍሱን ይማረውና ባሏ በሠርጋቸው ጊዜ ፎቶ አልተነሡም፤ ከዚያም በኋላ አንድ ላይ የተነሡት ፎቶ የለም። በሕይወታቸው ጎን ለጎን የሚታዩት በዚያ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ እሱ ኮሌታው እስከ አንገቱ ተቆልፎ፣ እሷ ሻሿን ግንባሯ ድረስ አውርዳ፣ ሁለቱም ፎቶ አንሺውን ፈርተው። የእሱ ፎቶ ጠርዝ ላይ እርጥበት ገብቶበት ወደ ቡናማነት ተለውጧል። ከጎኑ ሁለት ቃዳ ማሳና የባሕር ዛፏ ቦታ ከነአዋሳኞቹ ተጽፏል።

ያንን ገጽ ገልጣ ወደ ባለሙያው ዘረጋችና «ልጄ፣ ከተማው ሲመጣ ይህንን ትወስዱብኛላችሁ ወይ?» አለች።

እሳቸውም «እናታችን፣ እሱ በሕግና በደንብ የሚታይ ነው» አሉ።

እቴቴ አልተቀመጠችም። ደብተሩን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ማንም አልተናገረም። ከወንዙ በኩል ጫት የሚያጠጣ የውሃ ሞተር ይሰማ ነበር፤ አንድ ባጃጅ በአስፋልቱ አለፈ፤ አንድ ሕፃን አለቀሰና እናቱ ጡት አጎረሰችው። ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ በበትራቸው መሬቱን ይጭሩ ነበር። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ እኔ ግን እስክሪብቶዬን አንሥቼ የምጽፈው ነገር አጥቼ ስጠብቅ ትዝ ይለኛል። በመጨረሻ ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ ተስማምተናል ማለት ነው» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ጻፍኩ።

ወደዚህች ዝምታ ደጋግሜ እመለሳለሁ። ሰብሳቢው «ተስማምተናል» አሉ እንጂ «በሙሉ ድምፅ» አላሉም፤ «ሰፊ ውይይት»ም አላሉም። ማንም አላስጻፈኝም። ቃሎቹ ከእጄ የወጡት በእድራችንም፣ በቤት ሥራ ማኅበራችንም ያነበብኳቸው ቃለ ጉባኤዎች ሁሉ እንዲህ ስለሚጨርሱ ነው። የእቴቴን ጥያቄ ደግሞ «የተለያዩ ጥያቄዎች ቀርበው ማብራሪያ ተሰጥቶባቸዋል» በሚለው ውስጥ ከተትኩት። ማብራሪያ ተሰጥቶ ነበር እንዴ? አንዳንድ ጊዜ «ተሰጥቷል፣ ሕጉን ጠቅሰዋል» እልና ልቤ ትንሽ ያርፋል። ከዚያ እንደገና እጇ ላይ የተዘረጋውን ገጽ አያለሁ።

ከዚያ የጣት አሻራ መጣ። የቀለሙን ሰሌዳ ይዤ በየተራ ዞርኩ። እቴቴ ስደርስባት አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አስነክታ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ በነጠላዋ ጫፍም ሳይሆን በደረቀ ቅጠል ጠረገችው። ማታ ቡና እየጠጣን «ለምን ፈረምሽ? ጥያቄሽ እኮ አልተመለሰም» ስላት፣ ስኒውን እያጠበች «አንቺ ከጻፍሽው ምን ክፋት ይኖረዋል ብዬ ነዋ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ።

በዚያው ሌሊት ቤቴ ተመልሼ ሕጉን አነበብኩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ አርሶ አደሩም ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው እዚያው ሰፍሯል። መካለል ብቻውን መነሣት አይደለም፤ ይህንንም ባለሙያው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነግሯት ይችሉ ነበር። መነሣት ቢመጣ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታው ቦታውን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ሊመከር እንደሚገባ ያዝዛል። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ በቋሚነት የሚነሣ አርሶ አደር ከመነሣቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል፤ በቀድሞው በአዋጅ ቁጥር 455/1997 የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ይባዛ ነበር። በከተማ ደግሞ መሬት በሊዝ ነው፤ ለመኖሪያ ቤት የሊዙ ዘመን 99 ዓመት ነው። ይህ ሁሉ ለእቴቴ መልስ ነበር። ባለሙያው አልነገሯትም፤ እኔም ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር፤ ባውቀውስ ያንን ሁሉ ሰው ፊት ተነሥቼ እናገረው ነበር ወይ የሚለውን ልመልስላችሁ አልችልም።

ደግሞ ነገሩ አንድ ወገን ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእቴቴ ልጅ ይህንን ሁሉ ስነግራት ተቆጣችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ በጄሪካን ስትቀዳ የኖረች ናት። በግንቦት 2016 ዓ.ም. አዲሱ የዓባይ ድልድይ የተመረቀ ጊዜ ተያይዘን ሄደን፣ 380 ሜትሩን በእግራችን ከዳር እስከ ዳር ሄደን፣ መብራቶቹ ውሃው ላይ ሲወድቁ አብረን እልል ብለን ነበር። «ድልድዩ እስከ እኛ በር መጥቶ፣ መብራቱ ከእኛ ወዲያ ይቁም ትያለሽ?» አለችኝ። «አንቺ ከተማ ተቀምጠሽ ገጠሩ እንዳለ እንዲቆይልሽ ትፈልጊያለሽ።» መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው። መታወቂያዋ የከተማ ቢሆን፣ ልጇ ቅርብ ትምህርት ቤት ቢገባ፣ ቧንቧ በሯ ላይ ቢደርስ እኔ ምን ከፋኝ?

ይህች ከተማ እኮ ሁልጊዜ በዙሪያዋ ባለው ላይ ነው ያደገችው። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ ሲመጡ ባሕር ዳር ትንሽ የሐይቅ ዳር መንደር ነበረች፤ ዛሬ ዘጌም፣ መሸንቲም፣ ጢስ ዓባይም በከተማ አስተዳደሩ ሥር ናቸው። እኔ ራሴ የምወደው የዘንባባው ጎዳና ባዶ ሜዳ ላይ አልተነጠፈም። ነገደ ወይጦዎች ከደንገል ታንኳ እየሠሩ በጣና ዳር ሲኖሩ፣ ከተማው ዳርቻውን በፈለገው ቁጥር ወደ ጎን ሲገፉ ኖረዋል። የታንኳው ፎቶግራፍ በየሆቴሉ ግድግዳ ተሰቅሏል። እነሱ ሲነሡ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ነበር? ተይዞስ ከሆነ ጽሑፏ የሚያምር የማን ልጅ ናት የጻፈችው? ይህንን ማሰብ ከጀመርኩ ወዲህ በሐይቁ ዳር ስሄድ የድሮው ደስታ አይመጣልኝም፤ ደግሞ ትናንት ማታ ጀንበር ከደሴቶቹ ኋላ ስትገባ መጣልኝ፤ እንደዚህ ነኝ ሰሞኑን።

ቃለ ጉባኤው እንዲታረም ልጠይቅ ብዬ ባለፈው ማክሰኞ ሄጄ ነበር። ማመልከቻ ጽፌ፣ የእቴቴን ጥያቄ ቃል በቃል አስገብቼ፣ «በሙሉ ድምፅ» የሚለው እንዲሰረዝ ብዬ። በሩ ድረስ ደረስኩ። ወረፋ ነበር፤ ቆምኩ። ቆሜ ሳለሁ ግን የእቴቴ ልጅ ነገር ታወሰኝ፤ አንድ ወረቀት በእኔ ምክንያት ቢመለስ፣ መብራቱም ውሃውም አብሮ ቢዘገይ፣ መንደሩ ምን ይለኛል፣ እቴቴንስ ምን ይሏታል ብዬ አሰብኩ። ተራዬ ሳይደርስ ተመለስኩ። ማመልከቻው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ልክ አደረግሁ እንዳልል ልቤ አይቀበለውም፤ አጠፋሁ እንዳልል ደግሞ…

ትናንት እቴቴ ደወለች። ስለ ስብሰባው አላነሣችም። መድኃኒቱ እንደተስማማት ነገረችኝ፣ የጎረቤቷ ላም መውለዷን ነገረችኝ፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከደብተሩ ላይ ያለውን ፎቶ ብቻ አንሥተሽ ከፍ አድርገሽ ልታሳጥቢልኝ ትችያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እችላለሁ» አልኳት። ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅኳትም። ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ማመልከቻውንም ይዤው እሄዳለሁ፤ አነብላት ይሆናል።