ዜማው ወረቀት አገኘ፣ እግሩስ?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ዛሬ ይህን አባባል አየርላንድ ወስጄ ልፈትነው ነው፤ እዚያ በቃልም በጽሑፍም የማይገባ፣ በእግር ብቻ ያለ ነገር አለና። የዳንስ እርምጃ ማለቴ ነው። ማን ሰበሰበው? በምን ያዘው? ምኑስ አመለጠው? ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ግራ እንዳትጋቡ።

ከዜማው ልጀምር፤ ዜማው ዕድለኛ ነበር። ፍራንሲስ ኦኒል ኮርክ ተወልዶ አሜሪካ የገባ ሰው ነው። ከ1901 እስከ 1905 የቺካጎ ፖሊስ አዛዥ ነበር። በ1907 ያሳተመው የዳንስ ሙዚቃ ስብስብ 1,001 ዜማ ይዟል። የሚገርመው ግን ሰውዬው ኖታ መጻፍ አይችልም። እሱ ዜማውን ያሰማል፣ ጄምስ ኦኒል የተባለ ቫዮሊን ተጫዋች ፖሊስ ይጽፋል። ስማቸው ገጠመ እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም።

ደብሊን ላይ ደግሞ ብራንዳን ብራናክ አለ፤ ፓይፕ የሚባለው የአየርላንድ የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋችና የመንግሥት ሠራተኛ። የገጠመው ችግር ሙዚቃ የሰበሰበ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ አንዱ ዜማ አምስት ስም አለው፣ በአንድ ስም ደግሞ አምስት የተለያዩ ዜማዎች ይጠራሉ። በፊደል ተራ ብትደረድሩት ምንም አይገኝም። ስለዚህ የዜማውን መነሻ ድምፆች ወደ ቁጥር ለውጦ በካርድ ላይ ጻፈ፣ ካርዶቹንም በቁጥራቸው ደረደረ። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ሁለት ካርድ ጎን ለጎን ከወደቀ ዜማው አንድ መሆኑ ተጠረጠረ ማለት ነው። እሱ በ1985 ሞተ፤ በ1987 ኒኮላስ ካሮላንና ሃሪ ብራድሾ የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ቤተ መዛግብትን አቋቋሙ። የብራናክ ስብስብም ዛሬ እዚያ ነው። ቤቱ ደብሊን፣ ሜሪዮን አደባባይ ቁጥር 73 ይገኛል፤ ገብታችሁ በነፃ ማንበብና ማዳመጥ ትችላላችሁ፣ መዋስ ግን የለም። ልብ በሉ፤ ሰውዬው ቀደመ፣ ተቋሙ ተከተለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ይህ ደጋግሞ ይመጣል።

የኖታ መጽሐፍ ስለ እግር የሚነግራችሁ ነገር ትንሽ ነው። አንድ የዜማ ክፍል ሙዚቀኞች ባር በሚሉት ስምንት ነው፤ ስለዚህ አንድ እርምጃ በቀኝ እግር ስምንት ባር፣ ያው ተደግሞ በግራ ስምንት ባር፣ ጠቅላላ 16 እንደሚሆን ትገምታላችሁ። ልኩን አወቃችሁ። በዚያ ልክ ውስጥ ተረከዝ መሬት የነካው የት ላይ ነው? ወረቀቱ ዝም።

ወደ መንግሥት እንምጣ። የአየርላንድ የአፈ ታሪክ ኮሚሽን በ1935 ተቋቋመ፤ ዳይሬክተሩ ሼመስ ኦ ዱሊርጋ ነበር። መዝጋቢው ሾን ኦ ሱላቫን ስዊድን፣ ኡፕሳላ ሄዶ የአመዳደብ ስልቱን ተማረና በ1942 ለሰብሳቢዎች ወደ 700 ገጽ የሚጠጋ መመሪያ አወጣ። ሰብሳቢዎቹ ኤዲፎን የሚባለውን የሰም ሲሊንደር መቅረጫ ይዘው ገጠር ይገባሉ፤ ቀርፀው ቤት ይመለሱና ቃል በቃል ይገለብጣሉ። ከዚያስ? ሰሙ ይፋቅና እንደገና ይቀረፅበታል፤ ገንዘብ አልነበረማ። ጽሑፉ ቀረ፣ ድምፁ ተፋቀ። ይህ ምርጫ ተረት ለሚያጠና ሰው ብዙም አይጎዳውም፤ ዳንስን ለሚያጠና ግን ከባድ ነው፤ ጭብጨባውም የእግሩ ኳኳታም አብሮ ነው የተፋቀው።

በዚያው በ1935 ሌላ ነገር ሆነ፤ የሕዝብ ዳንስ አዳራሾች ሕግ ወጣ። ለሕዝብ ዳንስ ከፍርድ ቤት ፈቃድ ግድ ሆነ። ሕጉን ይዘው ቄሶችና ፖሊሶች በየወጥ ቤቱ የሚደረገውን የመንደር ጭፈራም አሳደዱ። አንዱ እጅ ባህል ይሰበስባል፣ ሌላው እጅ ባህሉ የሚኖርበትን ቤት ይዘጋል። የዳንስ ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ግን እዚህ ላይ ያልታሰበ ሲሳይ አለ፤ የፈቃድ ማመልከቻና የክስ ዜና በአካባቢ ጋዜጦች ታትሟል። የት መንደር፣ የማን አዳራሽ፣ እስከ ስንት ሰዓት የሚለው ከአፈ ታሪክ መዝገቡ ይልቅ በፍርድ ቤት ዜና ውስጥ ጠርቶ ይገኛል።

ምን ዓይነት ዳንስ ይጻፍ የሚለውስ? እሱን ቀድመው የወሰኑት ለንደን ያሉ የጌሊክ ሊግ ሰዎች ናቸው፤ ሊጉ የአየርላንድን ቋንቋና ባህል ለማነቃቃት የተቋቋመ ማኅበር ነው። የመጀመሪያውን ኬሊ፣ ማለትም የጭፈራ ምሽት፣ በጥቅምት 30 ቀን 1897 በብሉምስበሪ አዳራሽ አዘጋጁ። በ1902 ኦኪፍና ኦብራየን የዳንስ መመሪያ አሳተሙ፤ ብዙውን ያገኙት ለንደን ከሚኖረው የኬሪ ሰው፣ የዳንስ መምህሩ ፓትሪክ ሪዲ ነው። አራት ጥንዶች በአራት ማዕዘን ቆመው የሚደንሱት «ሴት» (በእንግሊዝኛ set፣ የዳንስ ስም ነው) ግን ሥሩ የፈረንሳይ ኳድሪል ነውና «የባዕድ» ተብሎ ተገፋ። ክሌርና ኬሪ መንደሮች ውስጥ ሰው «ሴት» ይደንሳል፤ መመሪያው ውስጥ «ሴት» የለም። በመዝገብ አለመኖር ካለመኖር ጋር አንድ አይደለም፤ የአየርላንድ ዳንስ መዛግብትን የሚያነብ ሰው ይህን ሳይረሳ ይግባ።

አሁን አንድ ዘዋሪ የዳንስ መምህር ፈልጉ ብትባሉ ከየት ትጀምራላችሁ? እነዚህ ሰዎች ቫዮሊን ወይም ፓይፕ ተጫዋች አስከትለው ከመንደር መንደር ይዞሩ ነበር፤ ቀኝና ግራውን ለማይለይ ልጅ አንዱ እግሩ ላይ የገለባ ገመድ፣ ሌላው ላይ ልምጭ አስረው በገለባና በልምጭ ያዙታል ይባላል። በ1901 እና በ1911 የሕዝብ ቆጠራ ፈልጉ፤ ሁለቱም ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ። በሥራ ዓምድ «የዳንስ መምህር» ብላችሁ ብቻ ከፈለጋችሁ ብዙዎቹ ያመልጧችኋል፤ «ገበሬ» ወይም «የቀን ሠራተኛ» ተብለው የተጻፉ አሉና። ስሙን ከታውንላንድ ጋር አጣምሩ፤ ይህ ትንሹ የመሬት ክፍል ነው፣ በአገሩ ከ60,000 በላይ አለ፣ አጻጻፉም ከመዝገብ መዝገብ ይለያያል። አጃቢውን ለመፈለግ ደግሞ የቅጹን የመጨረሻ ዓምድ እዩ፤ ዓይነ ስውር መሆን የሚመዘገብበት ነው፣ ከዘዋሪ ሙዚቀኞች ብዙዎቹ ዓይነ ስውራን ነበሩና። ዕድሜን አትመኑ። በሁለቱ ቆጠራ መካከል የ70 ዓመት ጡረታ ሕግ ወጣ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ 15 ዓመት ያረጀ ሰው ብታገኙ አይግረማችሁ።

ከ1901 በፊት ያለውስ? የ1861 እና የ1871 ቆጠራዎች ቀደም ብለው በመንግሥት ትእዛዝ ተወገዱ፤ የ1881 እና የ1891 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወረቀታቸው ተፈጨ፤ ከዚያ በፊት የነበረው አብዛኛው ሰኔ 30 ቀን 1922 ደብሊን ያለው የፍርድ ቤት ሕንፃ ፎር ኮርትስ ሲቃጠል አብሮ ነደደ። ስለዚህ ከ1937 እስከ 1939 ወደተሰበሰበው የተማሪዎች ስብስብ ሂዱ። ወደ 5,000 ትምህርት ቤት፣ ወደ 50,000 ልጆች፤ ሽማግሌ ጠይቀው በደብተር ጻፉ። ዛሬ ዱሃስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ፈቃደኞች እየገለበጡት በቦታ ስም ይፈለጋል። ሁለት ጉድለት አለው፤ ትልልቆቹ ከተሞች አልተካተቱም፣ ሰሜን አየርላንድም የለችበትም። ደብሊን ከተማ ውስጥ የጨፈረ ሰው እዚያ የለም።

እርምጃውን ራሱ በካሜራ የያዘው ሥራ ዘግይቶ ነው የመጣው። ካትሪን ፎሊ በ1980ዎቹ ሰሜን ኬሪ ገብታ የዘዋሪውን መምህር የጀረማያ ሞሊኖን ያረጁ ተማሪዎች ቀረፀች። ኋላም ሊምሪክ ዩኒቨርሲቲ፣ ግሉክስማን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለውን ብሔራዊ የዳንስ ቤተ መዛግብት መሠረተች። እርምጃን በወረቀት መያዣ ላባኖቴሽን የሚባል ጽሕፈት አለ፤ ከታች ወደ ላይ ይነበባል፣ የመካከሉ መስመር ቀኝና ግራን ይለያል። ግን ማንበብ የሚችለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለመንደር ማኅበር ካሜራ ይሻለዋል፤ በአግባቡ ከተያዘ።

ካሜራው በመቆሚያ ላይ ይሁን፤ ከራስ እስከ ጫማ፣ ከጫማውም በታች ወለል ይታይ። የተለመደው ስሕተት ፊቱን አጉልቶ እግሩን መቁረጥ ነው። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ ቅረፁ፤ ከኋላ የተቀረፀውን የሚማር ሰው ቀኝና ግራ አይገለበጥበትም። መብራት ጨምሩ፤ የካሜራው የመዝጊያ ፍጥነት በሰከንድ 1/50 ከሆነ እግሩ ጭጋግ ነው፣ 1/250 ይጠራል። ማይክሮፎኑ ለወለሉ ይቅረብ እንጂ በሚደነስበት ሳንቃ ላይ አይቀመጥ፣ ንዝረቱ ድምፁን ያበላሸዋል። ሙዚቃው በሌላ ማይክሮፎን ይቀረፅ። እንጨት ወለል ከሌለ ድሮ እንደሚደረገው በር ነቅሎ መሬት ላይ ማንጠፍ ይቻላል።

አሁን ዋናው ነገር። ሽማግሌውን «ቀስ ብለው ያሳዩን» ብትሏቸው እርምጃው ሊጠፋባቸው ይችላል፤ እርምጃው የተንጠለጠለው በዜማው ላይ ነውና። ቀስ እንዲል ሙዚቀኛውን ጠይቁ፣ እሳቸው ይከተሉታል። ከዚያ ራሳቸው እያዜሙ ይደንሱ፣ በመጨረሻም ያለ ዜማ።

ከመጀመሩ በፊት ካሜራው እየቀረፀ የሰውየው ስም፣ ታውንላንዱ፣ ቀኑ፣ እርምጃውን ከማን እንደተማሩና እርሳቸው እርምጃውን ምን ብለው እንደሚጠሩት ይነገር። ፈቃዱን በጽሑፍ አስፈርሙ፤ ያለ ፊርማ ቤተ መዛግብቱ ቢረከበው እንኳ ኢንተርኔት ላይ ላያወጣው ይችላል። የድሮ ካሴት ካላችሁ ሳይዘገይ ይገልበጥ፤ ድምፁ በ24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ ዋቭ ፋይል ይሁን፣ ዋናው ካሴት ግን አይጣል። ማጫወቻ ማሽኑ ከካሴቱ በፊት ነው የሚጠፋው። ጀርባው ላይ «ሽማግሌ ሲደንስ፣ ኬሪ» ብቻ የተጻፈበት የቪዲዮ ካሴት ካጋጠማችሁ ደግሞ ከገለበጣችሁት በኋላ ቅጂውን ለሰፈሩ አዛውንት አሳዩ፤ ፊቱን ባይለዩት እንኳ ከአረጋገጡ የማን ተማሪ እንደሆነ የሚነግሯችሁ አይጠፉም።