ቧንቧው ጠበበ እንጂ ደሙ አነሰ ማን አለ?

እንደምን አመሻችሁ፣ ማይክ ስይዝ ሁሉ ነገር ስለሚጠፋብኝ ጽፌ ነው የመጣሁት፣ አቀርቅሬ ካነበብኩ ይቅርታ።

ሐኪም አይደለሁም፣ ሜካኒካል ኢንጂነር ነኝ፣ ስራዬ ከቧንቧና ከፓምፕ ጋር ነው። ልብም ያው ፓምፕ ነው እኮ፣ ቁጭ ባልንበት በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ይገፋል፣ ከዛ ላይ ለራሱ ጡንቻ የሚደርሰው 5 በመቶ ገደማ ነው፣ እሱም 3 ሚሊሜትር አካባቢ በሚሰፉ ቧንቧዎች።

አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው። ሲቲ ስካን ተነሱ፣ አንዱ የልብ ቧንቧ ግማሽ ያህል ጠቧል ተባለ። አንዱ ሐኪም ስቴንት፣ ማለት የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ መረብ፣ ይግባ አለ፣ ሌላው በመድሃኒት እንቆይ አለ፣ ሁለቱም የሚያዩት አንድ ፎቶ ነው! እኔም መሃል ላይ ቆሜ ፎቶውን እያጎላሁ አፈጣለሁ።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የኖራችሁ ይሄ ይገባችኋል። ውሃ አልወጣ ሲል ቧንቧው ዝጓል አልዛገም ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ቁም ነገሩ ግን ላይ ስንት ግፊት ደረሰ ነው። ሆላንዳዊው ኒኮ ፓይልስና ቤልጂየማዊው በርናርድ ደ ብራይነ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ግፊት መለኪያ ያላት ቀጭን ሽቦ ከጠበበው ቦታ አሳልፈው ለኩ፣ የወዲያኛውን ግፊት ለዋናው ቧንቧ ግፊት አካፈሉ፣ 1 ከሆነ ሰላም ነው፣ 0.80 ወይ ከዛ በታች ከሆነ ልብ ደም እያነሰው ነው ማለት ነው። በ2009 የወጣ 1005 ሰው ያሳተፈ ጥናት ላይ በሽቦው የታከሙት የስቴንት ብዛታቸው በአማካይ ከ2.7 ወደ 1.9 ወረደ፣ የተሻላቸውም እነሱ ናቸው፣ ፎቶው በአይን ብቻ ታይቶ ከታከሙት ይልቅ!

ሽቦው ግን በእጅ ወይ በብሽሽት ገብቶ ልብ ድረስ ይሄዳል፣ ያስፈራል። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ቻርለስ ቴይለር የመጣው በዚህ ነው፣ ያንኑ የግፊት ቁጥር ያለ ሽቦ ለማግኘት ከሲቲው ላይ የሰውየውን ቧንቧ ኮምፒውተር ውስጥ ልክ በልኩ መስራት፣ በሚሊዮን ጥቃቅን ቁራጭ መከፋፈል፣ ከዛ አየር ክንፍ ላይ እንዴት እንደሚሄድ የምናሰላበትን የናቪዬና የስቶክስ እኩልታ እዛ ላይ መፍታት። የአሜሪካው የመድሃኒትና የህክምና መሳሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2014 ፈቀደው።

እኔን የሚገርመኝ ሲቲ የማያየው ነገር ነው። ጥቃቅኖቹ ደም ስሮች ፎቶው ላይ የሉም፣ ደሙን በብዛት የሚታገሉት ግን እነሱ ናቸው፣ ስለዚ ትግላቸው ከልብ ጡንቻው መጠን ተነስቶ ይገመታል። በሽቦው ሲለካ ለታማሚው ደም ስር የሚከፍት መድሃኒት ይሰጠዋል፣ እዚህ ግን መድሃኒቱን የሚወስደው ኮምፒውተሩ ነው፣ የትግሉን ቁጥር እንቀንስለታለን በቃ።

ፎቶው ከተሳሳተ ግን ጉድ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፑዋዜይ በ1840ዎቹ በቀጫጭን ቱቦ ያሳየው ነገር አለ፣ ግፊቱ ሳይቀየር የቱቦው ዲያሜትር በግማሽ ቢቀንስ የሚያልፈው አንድ አስራ ስድስተኛ ብቻ ነው። ካልሲየም ደግሞ ሲቲ ላይ ስለሚያበራ ቧንቧውን ከልኩ በላይ ጠባብ ያስመስለዋል፣ ዲያሜትሩን 20 በመቶ አሳነስነው ማለት ከግማሽ በላይ ፍሰት ወረቀት ላይ አጠፋን ማለት ነው።

ስለዚ ኮምፒውተሩ የሚያወጣትን ቀይና ሰማያዊ የተቀባች ቆንጆ ምስል ሲያሳዩዋችሁ ካልሲየሙ ብዙ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ 0.79 ወይ 0.81 ከወጣ ደግሞ በቁጥሩ ብቻ አትወስኑ። የአባቴ 0.88 ወጣ፣ ስቴንት አልገባላቸውም፣ መድሃኒታቸውን እየዋጡ ነው። እዛ ኋላ ተቀምጠዋል፣ ዛሬ ሊፍቱን ትተው በደረጃ ነው የወጡት፣ በዛ በኩል ጥያቄ ያለው ራሳቸውን ይጠይቅ።