ሦስት ክሮች ሲላሉ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ አጠገቤ ያለው ጊታሬ ብቻ ነው። የማወራችሁም ሰሞኑን ከጆሮዬ አልወጣ ስላለኝ አንድ አሮጌ አልበም ነው።

እንግሊዛዊው ጊታሪስት ዴቪ ግርሃም «ፎክ፣ ብሉዝ ኤንድ ቢዮንድ» የተሰኘውን ሥራውን በዴካ ኩባንያ በኩል ያወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ነው። በእሱ ስም ይውጣ እንጂ ባስና ድራም ያጅቡታል፤ እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጊታሩ ሌላ የምሰማው የለም። የመክፈቻው ዘፈን የጥቁር አሜሪካዊው ዘፋኝ የሌድ ቤሊ ብሉዝ ሲሆን፣ ግርሃም ለመዝፈን አፉን ከመክፈቱ በፊት ጊታሩ ዑድ የተባለውን የዐረቦች የክር መሣሪያ መስሎ ያንጎራጉራል። አለፍ ሲል ደግሞ ደራሲው የማይታወቅ የጥንት የፍቅር ዘፈን ይመጣል፤ ሁለቱ ግን ከአንድ ቤት የወጡ ይመስላሉ።

ግርሃም ለጊታር ያበረከተው ትልቁ ነገር ቅኝት ነው። የተለመደው ቅኝት ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ሲሆን፣ እሱ ሁለቱን የዳር ክሮችና ቢን አንድ አንድ ሙሉ ድምፅ አላልቶ ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ኤ፣ ዲ አደረገው። ክሮቹን ሳልጫን ስመታቸው ቅኝቱ ሜጀር (ብሩህ) ወይም ማይነር (ትካዜ ያዘለ) መሆኑን የምትለየው፣ ከዲ ሲቆጠር ሦስተኛዋ ድምፅ የለችም። የብሉዝ ዘፋኝ በሁለቱ መካከል የሚያንሸራትታት ድምፅ ይህችው በመሆኗ፣ ጊታሩ ምርጫውን ለጉሮሮው ይተውለታል።

ክራር ተጫዋች ከዘፈኑ በፊት ለትዝታ ወይም ለአምባሰል ሲቃኝ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሆኖም ጊታር ስማር ክሮቹን አላልቼ ያገኘኝ አስተማሪዬ፣ ጊታር ክራር አለመሆኑን በቁጣ ነግሮ መልሶ ቃኘብኝ፤ እኔም ለዓመታት መቃኛዎቹን መንካት ነውር ይመስለኝ ነበር።

ትናንት ማታ በግርሃም ቅኝት ትዝታን ሞከርሁ፤ ጂ እንደ ባዕድ ጎርብጣ አስቸገረችኝ፣ ከዲ ሲቆጠር አራተኛ ናት፣ ትዝታ ደግሞ አራተኛዋን ድምፅ አያውቃትምና። ወደ ባቲ ስሻገር ግን ያልተጫኑት ክሮች በሙሉ ቦታቸውን አገኙ። ማይነሩ ባቲ ደግሞ ብሉዝ ከሚመላለስባቸው አምስት ድምፆች በአንዱም አይለይም። ጊታሬ እንደላላ ነው፤ እስቲ ጥቂት ልምታላችሁ።