ለእንቅልፍ አፕኒያ በልክ የሚሠራ የአፍ መሣሪያ እንዴት ይረዳል?

[ምስል፦ በጀርባው የተኛ ሰው ጭንቅላትና አንገት ከጎን ሲታይ]

ሰው እንቅልፍ ሲወስደው የጉሮሮው ጡንቻዎች ይላላሉ። ብዙ ሰዎችን ይህ አይጎዳቸውም። የአየር መተላለፊያቸው ጠባብ በሆነ ሰዎች ላይ ግን ምላስና ለስላሳው ላንቃ ወደ ኋላ ተንሸራተው መንገዱን ይዘጉታል፤ ደረት ለመተንፈስ ይታገላል፣ አየር ግን አያልፍም። ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቋረጥ አፕኒያ ይባላል። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ተኚው ለቅጽበት ይባንንና በኃይል ተንፍሶ ተመልሶ ይተኛል። ጠዋት ይህን ሁሉ አያስታውሰውም፤ የሚያውቀው ራስ ምታቱንና ቀን ቀን የሚጫጫነውን እንቅልፍ ብቻ ነው።

የሕመሙ ክብደት የሚለካው በእንቅልፍ ምርመራ ሲሆን፣ ትንፋሹ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ወይም በጉልህ እንደቀነሰ ይቆጠራል። በአዋቂዎች ከ5 እስከ 14 ቀላል፣ ከ15 እስከ 29 መካከለኛ፣ ከ30 ጀምሮ ከባድ ይባላል። ሠላሳ ማለት ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ደቂቃው አንድ ጊዜ መታፈን ነው።

ለከባዱ ሕመም ዋናው ሕክምና አየርን በግፊት በጭንብል የሚልከው ሲፓፕ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ ይህን ዘዴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቁ። ይሁንና ጭንብሉን መልመድ አቅቷቸው እኩለ ሌሊት ላይ የሚያወልቁት ሕመምተኞች ጥቂት አይደሉም፤ የአፍ መሣሪያው በተለይ የሚፈለገውም ለእነርሱ ነው።

[ምስል፦ የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስ የሚሸፍኑ ሁለት ሽፋኖች፣ በጎን በኩል ትንሽ ብሎን]

አሠራሩን ለመረዳት አሁኑኑ የታችኛውን መንጋጋዎን ቀስ ብለው ወደ ፊት ያውጡት። ምላስዎ አብሮ ወደ ፊት ሲሳብ ይሰማዎታል፤ ትልቁ የምላስ ጡንቻ የተያያዘው ከአገጭ አጥንት የውስጥ ገጽ ጋር ነውና። መሣሪያው ይህንኑ አቀማመጥ ሌሊቱን ሙሉ ይዞ ያቆያል። መንጋጋው ወደ ፊት ሲመጣ ከምላስ ጀርባ ያለው ክፍተት ከመስፋቱም በላይ የጉሮሮው የጎን ግድግዳዎች ስለሚወጠሩ መተላለፊያው በቀላሉ አይጠብም።

በሙቅ ውኃ አለስልሰው በራስዎ ነክሰው የሚቀርጹት ዝግጁ መሣሪያ ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። በልክ የሚሠራው በጥርስ ሐኪም በተወሰደ የጥርስ ቅርጽ ላይ ስለሚዘጋጅ ጥርስን በደንብ ይይዛል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልኩ ሊስተካከል ይችላል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ባወጣው መመሪያ የመረጠውም ይህን በልክ የተሠራና የሚስተካከል ዓይነት ነው።

ብዙ ሰው መሣሪያውን የተረከበበትን ቀን የሕክምናው መጨረሻ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ብሎኑ የሚዞረው በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ዙር መንጋጋውን ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ መጠን ወደ ፊት ያመጣዋል። ማንኮራፋቱ ሲጠፋ ቤተሰብ እፎይ ይላል፤ ነገር ግን ድምፁ ጠፍቶም ትንፋሹ እየተቋረጠ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ልኩ ሲደላደል መሣሪያው አፍ ውስጥ እንዳለ የእንቅልፍ ምርመራው እንደገና መደረግ አለበት። ያለዚህ ምርመራ ሕመምተኛው መዳኑን በግምት ብቻ ነው የሚያውቀው።

በአማካይ ሲታይ የትንፋሽ መቋረጥን በመቀነስ ሲፓፕ ይበልጣል፤ የአፍ መሣሪያውን ግን ሰዎች በየሌሊቱ ለረጅም ሰዓት ይጠቀሙበታል፤ በዚህም የተነሳ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል።

መሣሪያው ለሁሉም አይሆንም። በቂ ጤነኛ ጥርስ ለሌለው፣ ድዱ ለታመመ ወይም የመንጋጋ መገጣጠሚያው ክፉኛ ለሚያመው ሰው አይመከርም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምራቅ መብዛት፣ የአፍ መድረቅና የመንጋጋ ሕመም የተለመዱ ናቸው። ጠዋት ሲያወልቁት የኋላ ጥርሶች አልገጥም ይላሉ፤ ሐኪሙ የሚያሳየው የመንጋጋ እንቅስቃሴ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ይረዳል። ከዓመታት በኋላ ግን የጥርሶች አገጣጠም በዘላቂነት ሊለወጥ ስለሚችል፣ የጥርስ ሐኪሙ በየጊዜው ሊያየው ይገባል። ክብደት ከጨመሩ ወይም የቀኑ እንቅልፍ ከተመለሰ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ እንቅልፍ ሐኪሙ ይሂዱ፤ ልኩ እንደገና መታየት ያስፈልገዋል።