የቬንቲሌተሩ ድምፅ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ናችሁ? ከጀርባዬ «ሽ…» የሚል ድምፅ ይሰማችኋል አይደል? ቬንቲሌተር ነው። ለቀረጻው ላጠፋው አስቤ ነበር። ግን ግንቦት ነው፣ ያለሁት ደግሞ ድሬ ነው። አቦ፣ አልቻልኩም።

ቬንቲሌተሩ የእናቴ ነው። ባለፈው ዓመት መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ። ቤቱ የተቃጠለ ሽቦ ሸተተ። መጋላ ወስጄ ሞተር ለሚጠቀልል ሰው ሰጠሁት። ጠና ያለ ሰው ነው፤ እኛ ድሬዎች ግን አንቱታ ብዙም አይሆንልንም፣ «አንተ» ነው የምለው። ሲከፍተው ሽቦው ከስሏል። አሮጌውን አውጥቶ ዙሩን አንድ በአንድ ቆጠረ። ከዚያ በዚያው ቁጥር አዲስ የመዳብ ሽቦ መጠቅለል ጀመረ። ላወራው ስል እጁን አንስቶ ዝም አሰኘኝ። ቁጥሩ እንዳይጠፋበት ነው።

እዚያው ቁጭ ብዬ ማይክል ፋራዳይ ትዝ አለኝ።

ፋራዳይ የእንግሊዝ አንጥረኛ ልጅ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1791 ተወለደ። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ። ለጥረዛ የመጡትን መጻሕፍት እያነበበ ነው ሳይንስን የወደደው። ሂሳብ ላይ ደካማ ነበር፤ በእጁ እየሞከረ ነው የሚያስበው። በ1821 ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረገ። የቬንቲሌተር ነገር የሚጀምረው እዚያ ነው።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የ1831ዱ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የብረት ቀለበት ወስዶ፣ በአንዱ ጎን አንድ ሽቦ፣ በሌላው ጎን ሌላ ሽቦ ጠቀለለ። ሁለቱ አይነካኩም። አንደኛውን ከባትሪ ሲያገናኝ፣ በሌላው ሽቦ አጠገብ ያለችው፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የምትነቃነቀው የማግኔት መርፌ ዘለል ብላ ተመለሰች። ኤሌክትሪኩ ዝም ብሎ ሲፈስ ግን ንቅንቅ የለም። ሲያቋርጠው እንደገና ዘለል! ለውጥ ሲኖር ብቻ ነው የምትነቃው። ቤታችን የሚገባው መብራት ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ሁሌም በለውጥ ላይ ነው። ሰፈራችን ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር በአሠራሩ ያው ቀለበት ነው። የቆቃ ግድብ ውሃ መብራት የሚሰጠን፣ የጅቡቲው አዲስ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄደው፣ ሁሉም ከእሱ ሙከራ የመጣ ነው።

ሰውዬው ቆጥሮ እስኪጨርስ ጠብቄ ይህንኑ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ «ሽቦና ሽቦ እንዳይነካካ ምን አደረገ?» አለኝ።

«ያኔ እንዳሁኑ የተቀባ ሽቦ የለም። በጨርቅና በሲባጎ ነው የለየው» አልኩት።

እጁ ላይ ያለውን የሽቦ ጥቅል አገላብጦ አየው።

«እያንዳንዱን ዙር? በእጁ?» አለ። «ብዙ ደክሟል በለኛ!»

ከዚያ ቀጣዩን ጥቅል መቁጠር ጀመረ፤ እኔም ዝም አልኩ።